አቶ ፀሐዬ ያልቆረጡት ድር

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ይህን አቀበት ወጥታችሁ አቶ ፀሐዬ ሻንካን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ጌታ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን ዜና ሕይወት የጻፈችውም፣ ቆማ የምታነበውም ሁለተኛ ልጃቸው ልዩ ፀሐዬ ናት። በሰው ፊት መናገር የማይሆንላት መሆኑን የምታውቋት ታውቃላችሁና፣ ድምፅዋ ቢቆራረጥ ታገሷት።

አቶ ፀሐዬ ከአባታቸው ከአቶ ሻንካ ዋዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳምቴ ጋልሞ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው ሲያርፉባቸው ሸማኔ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ሽሮ ሜዳ ከሚገኘው ቤታቸው አሳደጓቸው፤ እግራቸው የሸማ ዕቃውን መርገጫ መድረስ ሲጀምርም ሸማኔ ተቀምጦ በሚረግጥበት ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ሙያውን አስተማሯቸው። ለቀለም ትምህርት ዕድል ባያገኙም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥረው ማንበብና መጻፍ የቻሉ ሲሆን፣ ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ጎረቤት ሁሉ ይሰማቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለምነሽ ማዳ ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ ባለቤታቸው እየፈተሉ አቶ ፀሐዬ እየሸመኑ፣ ተስፋሁንን፣ ልዩንና ቤዛብሕን አፍርተዋል። ጥለት አወጣጣቸው የተመሰገነ ስለነበር ልጁን የሚድር ሰው ከቁስቋምም ከሸጎሌም ይመጣላቸው ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት አረቄ እጅግ ይዟቸው እንደነበር፣ ቤት ውስጥም ከእግራቸው ኮቴ የሚደነግጡ ልጆች እንደነበሩ እርሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ሲናገሩት ስለኖሩ፣ ቤተሰቡ ዛሬ አይሸሽገውም።

ወደ ጌታ የመጡበትን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ከአፋቸው ሰምታችኋል። በ1984 ዓ.ም. የቁስቋሟ ወይዘሮ ጽጌ ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን ጋቢ ገና ግማሽ እንዳደረሱት፣ ከአረቄ ቤት ተመልሰው በዕቃው አጠገብ ተኝተው ሲነቁ፣ ድሩ ከዳር እስከ ዳር በምላጭ ተቆርጦ፣ ምላጩም ከእጃቸው ሥር ወድቆ አገኙ። በሸማኔ ቤት ሸማው አልቆ እስኪወርድ ድረስ ድር በስለት አይነካም፤ የተጣላም ሰው ቢሆን፣ ያበደም ቢሆን ይህን አያደርግም፤ ቤት የሚዘጋ፣ ዘር የሚያጠፋ ነገር ነው ይባላል። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብለው ሲጮኹ ወይዘሮ ዓለምነሽ እንዝርታቸውን አስቀምጠው «የተስፋሁን አባት፣ በዚህ ቤት ካንተ ሌላ ማን ሰካራም አለና ነው?» አሏቸው፤ እርሳቸውም እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ተቀምጠውም አለቀሱ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክር ከጓደኛው ጋር እየቋጠሩ ድሩን ቀጠሉት። ወይዘሮ ጽጌ ጋቢውን ዘርግተው መሐሉ ላይ የተሰለፈውን ቋጠሮ በመዳፋቸው ሲዳስሱ «ይህንንማ ለጠላቴም ልጅ አላለብሰው» ብለው ጥለውት ሄዱ። አቶ ፀሐዬ ግን ዳግመኛ አረቄ አልቀመሱም። በዚያው ሰሞን ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ ወደሚያገለግሉባት የቆርቆሮ አዳራሽ ጋቢውን ለብሰው ገብተው ጌታን የግል አዳኛቸው አድርገው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ምስክርነት በሰጡ ቁጥር ጋቢውን ዘርግተው «ይህን የቆረጠው ይህ እጅ ነው፤ የቀጠለው ግን ጌታ ነው» ይሉ ነበር። ወንጌላዊውም «ጌታ ጳውሎስን በብርሃን ጠራው፤ የኛን ፀሐዬ ግን በምላጭ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ይሞላ ነበር። ከሁሉ መካከል የማትስቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ ያየባት ሰው ግን አልነበረም።

ድሩን የቆረጠችው ልዩ ነበረች።

ያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጋቢው ለሠርጉ እንዲደርስ ከትምህርት ቤት አስቀርተዋት፣ ማግ በቀሰም፣ በመወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀጭን ሸንበቆ ላይ፣ ስትጠቀልል ሰነበተች። የፈተናው ቀን ሲደርስ «አባባ፣ ዛሬን ብቻ» ብላ ለመነቻቸው፤ «ሸማ የማያውቅ ፈተና ምን ያደርግልሻል?» ብለው እርሷን ከማጉ ጋር ትተው ወደ አረቄያቸው ሄዱ። ተመልሰው እንደተኙ፣ አባቷ ጢማቸውን የሚላጩበትን፣ እርሷም እርሳስ የምትቀርጽበትን ያንኑ ምላጭ አንሥታ ማንም ሳያያት ድሩን ቆረጠችው። ምላጩን ከእጃቸው ሥር ያኖረችው ደንግጣ ጥላው ይሁን ወይስ አስባበት፣ ይህን ያህል ዓመት ራሷን ጠይቃ መልሱን አላገኘችም። እናቷ ያን ቃል ሲናገሩ ግን በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ አፏን አልከፈተችም።

በመጀመሪያ ዱላ ፈርታ ዝም አለች። ቀጥሎ አባቷ መጠጥ ትተው፣ ደብተር ገዝተውላት፣ ራሳቸው እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ሲመልሷት፣ እውነቱን ብትናገር ያ ሁሉ የሚፈርስ መሰላትና ዝም አለች። አድጋ፣ ተምራ፣ አስተማሪ ከሆነች በኋላ ደግሞ አፈረች፤ ዝምታው ከጥፋቱ በልጦ ነበርና። ከተጠመቀች ጀምሮ ወደ ጌታ እራት ቀርባ አታውቅም። ኅብስቱና ጽዋው በሚታደልበት እሑድ ሁሉ በጓሮ ባለችው ክፍል ልጆችን ለማስተማር ራሷ ትጠይቃለች፤ ሰዎችም «እንደ ልዩ ያለ ትጉ አገልጋይ የት ይገኛል!» እያሉ ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋለች፤ እነርሱም ትሕትና ነው ይሉታል።

አቶ ፀሐዬ ለብዙ ዓመታት የአጥቢያዋ ሽማግሌ ሆነው ሲያገለግሉ፣ በመጠጥ የተያዙ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር፤ ዛሬ ሳጥናቸውን ከተሸከሙት መካከል እንዲህ ያሉ ወንድሞች አሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የሳምባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆዩ፤ ሐኪሞቹም የሚቻለውን ሁሉ ካደረጉላቸው በኋላ ወደ ቤታቸው መለሷቸው።

አንድ ረፋድ ላይ ልዩ ጢማቸውን ስትላጫቸው ምላጩን እንደያዘች፣ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ፀሐዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ልጄ፣ ግማሽ ፊቴን ላጭተሽ ነው እንዴ የምታለቅሺው? ጨርሺው እንጂ» አሏት። ከላጨቻቸው በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ልዩ ያን ጊዜ አባቷን ሁለተኛ የቆረጠቻቸው መስሏት ነበር።

በማግስቱ አስጠሯትና እንዲህ አሏት፦ «ድሩን ባየሁ ጊዜ ‹እኔ አይደለሁም› ብዬ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠርሁም። እጄን አየሁት፤ ‹አዎ፣ ይህ እጅ ያደርገዋል› አልሁ። ጌታ ያገኘው ያን ሰው ነው። አንቺ ድሩን ቆረጥሽ እንጂ እኔን ሰካራም አላደረግሽኝም። ነገር ግን ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በጉባኤ ፊት መስክሬአለሁ፤ ከእንግዲህ ቆሜ ማረም አልችልም። አስተማሪ አይደለሽ? አንቺ አርሚልኝ።» ከጌታ እራት ርቃ መኖሯን በነገረቻቸው ጊዜ ደግሞ «ለኔ የበቃው ደም ላንቺ አነሰ?» ብቻ አሏት።

ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ የጌታን እራት ቤታቸው ድረስ ባመጡላቸው ዕለት አቶ ፀሐዬ ተቀብለው ሲያበቁ ዓይናቸውን በልዩ ላይ አሳረፉ። እርሷ ግን ጽዋውን ከከንፈራቸው አንሥታ ለወንጌላዊው መለሰች፤ «በሚቀጥለው፣ አባባ» አለች። እሺ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ለሚቀጥለው አልደረሱም፤ ትናንት ማለዳ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ታላቅ ወንድሟ ተስፋሁን ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ «ልዩ፣ አደራሽን፤ ሰው አባባን ሊሸኝ መጥቶ በምስክርነታቸው ተጠራጥሮ ይመለስ?» ብሎ ለምኗት ነበር። ከፍቅር እንደለመናት ታውቃለች። ነገር ግን ያዘዟት እርሳቸው ናቸው፤ ምስክርነታቸውም አልፈረሰም፤ የጎደለበት አንድ ስም ብቻ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዓለምነሽ ግን ይህን የሰሙት አሁን ከእናንተ ጋር ነውና፣ ያን ቀን በባላቸው ላይ የተናገሩትን ቃል ልጃቸው በዝምታዋ ያጸናችባቸው መሆኗን አውቀው ይቅር እንዲሏት በእግራቸው ላይ ወድቃ ትለምናቸዋለች።

በሳጥኑ ላይ የተዘረጋው ጋቢ ያ ጋቢ ነው። ለስንብት ስታልፉ መሐሉን በእጃችሁ ብትዳስሱት ቋጠሮው ዛሬም አለ፤ አልተፈታም።

አቶ ፀሐዬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለምነሽን፣ ልጆቻቸውን ተስፋሁንን፣ ልዩንና ቤዛብሕን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ኤልሮኢንና ሶሊያናን፣ እንዲሁም ከመጠጥ ወጥተው «አባታችን» የሚሏቸውን ብዙ ወንድሞች ትተው አልፈዋል። የተቆረጠውን የሚቀጥል ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ያኑር፤ የቀሩትንም በምሕረቱ ይያዝ።

የፊታችን እሑድ የጌታ እራት አለ። ልዩ በዚያ ቀን ልጆቹን የሚያስተምር ሌላ ሰው እንዲፈለግላት ሽማግሌዎችን በትሕትና ትጠይቃለች።