ነጩ ወይስ ቢጫው

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ሴት ልጃቸው ተቀምጠዋል። ልጅቷ አሁን የገዛችውን የኮርኒስ መብራት ከነካርቶኑ ታቅፋለች።

«አባዬ፣ ነጩን የመረጥኩት ለዓይንህ ብዬ ነው። ክፍልህ ቀን ይመስላል።»

«ቢጫውም ነበረ እኮ።»

«ደብዛዛ ነው። ምን ያደርግልሃል?»

«ዶርዜ ያለው ቤታችን ኮርኒስ ነበረው?»

«የቀርከሃ ቤት ምን ኮርኒስ አለው!»

«መብራታችን ምድጃው ነበር። ሲመሽ እኔ ክር አጠነጥናለሁ፤ እናትሽ እሳቱ አጠገብ ጥጥ ትፈትላለች። ቀና ብላ ስትስቅ ፊቷ ወርቅ ይመስል ነበር።»

«ሳቋ እኔም ትዝ ይለኛል።»

«አንቺ ቤት ሠርተሽ ‹ኑ› ስትዪን እሷ አልደረሰችም። አሁን አዲሱ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ልተኛ ነው። በነጭ መብራት ደግሞ እሷን አይቻት አላውቅም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ካርቶኑን ትንሽ አየት አደረገችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ወራጅ አለ!»

«ገና አልደረስንም እኮ።»

«ሱቁ ሳይዘጋ እንመለስ፣ አባዬ። በቢጫው ይቀይሩልናል።»

ሁለቱ ወርደው ሌላ ተሳፋሪ በቦታቸው ሲቀመጥ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።