የእንጦጦ መታጠፊያ

ሞድ መሥራት ስማር፣ ማለትም ሰው በሠራው ጌም ላይ የራሴን ነገር መጨመር ስለማመድ፣ መጀመሪያ ያስገባሁት የእንጦጦ ማርያምን መንገድና የአባቴን ሚኒባስ ነበር። አባቴ መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ ለምን እንዳቆመ ቤታችን ውስጥ አይነሳም። «እስቲ አባዬ፣ ሞክረው» አልኩት። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዛ ወረደና አንድ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ሚኒባሱን ቀጥ አድርጎ አቆመው።

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ረዳቴ የሞተው እዚህ ጋ ነው» አለኝ።

ቁርጥ እውነተኛውን መንገድ አስመስዬ ሠራሁ ብዬ ስኩራራ ነበር የሰነበትኩት።

የመታጠፊያውን ጫፍ በጣቱ እያሳየኝ፣ «ልጄ፣ በገደሉ በኩል አጥር ማድረግ ትችያለሽ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

«አድርጊለት። እኔ እጠብቃለሁ።»

አጥሩን ሠርቼ እስክጨርስ ሚኒባሱን ንቅንቅ አላደረገም።