ጆንያ የለበሰው ኮምፕሬሰር

በእኛ ጊዜ፣ ዘሃራ፣ ቆቦ ላይ ነፋስ የምሸጥ እኔ ነበርኩ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። ባጃጅ ገና ከተማውን ሳይሞላው፣ ከወልድያ የሚመጣውም ወደ አላማጣ የሚያልፈውም ሾፌር ጎማው ሲተነፍስበት "ዘነቡ ጋ ልድረስ" ነው የሚል። ሴት ጎሚስታ በዚህ አስፋልት ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ጌታሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ትቶልኝ የሄደው ይኼን ጎማ ቤት ነው፤ አንድ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ክሪክ፣ አንድ ትልቅ መዶሻ እና አባትሽን። አዎ፣ አባትሽን ሁሴንን። ጌታሁን ነው ሥራውን ያስተማረው፤ እና ጌታሁን ሲሄድ "እትዬ፣ እኔ የትም አልሄድም" አለኝና ቀረ።

ኮምፕሬሰሩን አታውቂውም አንቺ፣ ያኔ አልተወለድሽም። ይኼን የሚያክል ክብ የብረት ታንክ ነው፣ ከላዩ ሞተር አለው፣ ሞተሩ ነፋሱን እየጠቀጠቀ ታንኩ ውስጥ ያስገባል። ታዲያ የቆቦን ሙቀት ታውቂው የለ፣ ግንቦት ላይ ብረት ከነካሽ ቆዳሽን ነው የሚልጥ። ውሃ የምናቀዘቅዘው እንዴት ነው? ጀሪካኑን ጆንያ እናለብሰዋለን፣ ጆንያውን እናርሰዋለን፣ አይደል? ጌታሁንም አንድ ቀን ታንኩን እያየ "እኛ ቀዝቃዛ ውሃ እንጠጣለን፣ ይኼስ ምን በደለ?" አለና በመርፌ ቁጭ ብሎ ጆንያ ሰፍቶ አለበሰው። ቁልፍ ሁሉ ሠርቶለታል እኮ! ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ውሃ ያፈስበታል። እና እሱ ሲሞት እኔ ተቀበልኩ። ፊቴን ሳልታጠብ መጀመሪያ እሱን ነው የማርስ። ጌታሁንን ያጠብኩ፣ ያስታመምኩ ይመስለኛል፣ ምን ልበልሽ።

ታዲያ በቤቱ ውስጥ ከዚያ ጆንያ አጠገብ የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ የለም። አባትሽ ምሳውን በልቶ፣ ሰግዶ፣ ጀርባውን እዚያ እርጥብ ጆንያ ላይ አሳርፎ "አቤት፣ ጀነት ማለት ይኼ ነው" ይላል። በየቀኑ። ሞተሩ ድድድድ እያለ፣ እሱ ተደግፎ ያንቀላፋል። እኔም ባላፍር ኖሮ እደገፍ ነበር።

ሌላ ደግሞ ከታንኩ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ጢስስስ ብላ ታስተነፍሳለች። ጌታሁን "ይቺ ሌባ ነፋሴን ጨረሰችው" ብሎ በሽቦ ጠፍሮ አስሯታል። ማሽላ በሚጫንበት ጊዜ የጭነት መኪና ተሰልፎ ይውላል እና ማን ጢስታ ይጠብቃል? ታሰረች፣ ዝም አለች፣ እኛም ረሳናት።

እና አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ነው፣ አንድ አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ እየተንቀጠቀጠ ደጄ ቆመ። ተሳፋሪው ወረደ። ከመሀል አንድ ሸበቶ፣ ቀጭን ሰውዬ፣ ሻይ ሊጠጣ አይሄድ፣ ጥላ አይፈልግ፣ ዝም ብሎ ታንኬን ይዞራል። ደግሞ ይዞራል። እኔ ታዲያ ሌባ መስሎኝ፣

"ምን ጠፍቶህ ነው ሰውዬ?" አልኩት።

"ይኼን ሽቦ ማን አሰረው?"

"ባለቤቴ ነው። ምነው?"

"የት አለ እሱ?"

"ሞቷል።"

"በዚህ ነው የሞተው?" አይለኝም መሰለሽ? ታንኩን እያሳየ! እኔ ደሜ ፈላ። "በጉበት ነው የሞተው፣ አንተን ምን አገባህ?" አልኩት። እሱ ምንም አልመሰለውም። እጁን ጆንያው ላይ አደረገ፣ እርጥበቱን በጣቶቹ አሻሸ፣ አሸተተው።

"ሓፍተይ" አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ ወዲያ የአላማጣ ሰው ነው፣ "ይኼን ምን ብላችሁ አለበሳችሁት?"

"ሙቀት እንዳይፈጀው ነዋ።"

"ስንት ዓመቱ?"

"ሰባት፣ ስምንት..."

"እና በስምንት ዓመት አንድ ቀን ገልጣችሁ አይታችሁታል?"

ለምን እገልጠዋለሁ? የጌታሁን ስፌት ነው። ቁልፉ ከተፈታ በኋላ እንደሱ አድርጎ የሚቆልፈው የለም። ይኼን ለእሱ አልነገርኩትም፣ "የምትሄድበት ከሌለህ መኪናህ ውስጥ ግባ" አልኩት እንጂ። ሰውየው እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን አሳየኝ፤ ከክርኑ እስከ አንጓው ቆዳው ተጨማዶ የተኮማተረ። "እኔ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ላይ ነው ያረጀሁ" አለ፣ "ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያምቅ ትልቅ ታንክ ነው። እዚያ ደንብ ነበረን። ቫልቭ አይታሰርም። ጠዋት ጠዋት ከታች ያለው ውሃ ይፈሳል። እንፋሎት እያለበት ብሎን አይፈታም። በዓመት አንዴ በውሃ ይፈተናል። አንድ ቀን አንዱን ዘለልነው፣ ይኼው።" ይኼን ሲል አልጮኸም፣ እንደሚያስተምር ሰው ነው የሚናገር። እኔ ግን ያኔ ጆሮ የለኝም። "እዚህ ፋብሪካ የለም፣ ቆቦ ነው" ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ጎማው ተሠራ፣ ሄደ። ኪሮስ ነው ስሙ፣ ዋጃ ልጁ ዘንድ ነው የሚኖር፣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ታዲያ በማግስቱ ጠዋት ጆንያዬን አርሼ፣ "ሁሴን፣ ሞተሩን አስነሳ" ብል፣ አባትሽ ቆሟል።

"አስነሳ እንጂ።"

"እትዬ፣ አላስነሳም።"

"ምን አልክ?"

"ያ ሰውዬ ያለውን ሰምቻለሁ። ጀርባዬን የማሳርፈው እኔ ነኝ እዚያ ላይ። ገልጠን እንየው፣ ደህና ከሆነ ወላሂ እስከ ማታ ሳላርፍ እሠራለሁ።"

እኔ ደግሞ አፌን ታውቂው የለ። "ጌታሁን ሰው አደረገህ፣ ዛሬ የሠራውን ልታፈርስበት ነው?" አልኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ለአባትሽ ተናገርኩ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። እሱ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፣ "ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ እትዬ። ልጄን ሳላይ መሞት አልፈልግም።" ከዚያ ሄዶ አስፋልቱን ተሻግሮ ግራሯ ሥር ተቀመጠ። ሥራ ትቶ ወደ ቤቱ አልሄደም እኮ! ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። መኪና ይመጣል፣ "ዘነቡ፣ ነፋስ አለ?" "የለም።" ወደ ሮቢት ጎሚስታ ይነዳል። ሌላው ይመጣል፣ "የለም።" ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ተፋጠጥን። ቆቦ ሁሉ ሳቀብን። እልኸኛ ነኝ፣ እውነት ነው፣ ግን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ምሳውን ሲበላ አየሁት፣ በልቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ጀርባውን ወደ ኋላ ሰደደ፣ ግራሯ እሾህ ናትና ብድግ አለ። ሳቄ መጣ፣ ደግሞ እንባዬ መጣ። ያን ዕለት ነው የተሸነፍኩ።

እና በሦስተኛው ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ኪሮስ። ከዋጃ በመጣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አንዲት የእጅ ፓምፕ አስጭኖ ወረደ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሓፍተይ። ስደቢኝ፣ ግን ልፈትነው" አለ። እኔም ያን ያህል አፍ ያለኝ ሴትዮ "እሺ አያ ኪሮስ" ብቻ አልኩ።

መጀመሪያ ነፋሱን በሙሉ አስወጣው። ሽቦውን ፈታ። ከዚያ "ውሃ አምጡ" አለ፣ "አፉ ድረስ፣ አንዲት የነፋስ ቦታ ሳትቀር።" በአህያ በጀሪካን ውሃ ተመላለሰ። ሰው ከበበን። "ዘነቡ ኮምፕሬሰሯን ጠበል ልታስጠምቅ ነው" ይላሉ። አንዱ ሾፌር "ሲጠግብ ይንገረን" ይላል። ኪሮስ ግን አይሰማም፣ ታንኩን ሞላ፣ ደፈነ፣ ፓምፑን ገጠመ፣ ሰውን "ራቁ" ብሎ መለሰ። ጆንያውን ልገልጥለት ስል "አሁን አትገልጭው፣ መጀመሪያ ራሱ ይናገር" አለ።

እና መጠቅጠቅ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ቀስ ብሎ። መለኪያው ላይ ያለችው ቀስት ትወጣለች። ሞተሩ በየቀኑ የሚያደርሳትን ቦታ እኔ በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ ገና እዚያ አልደረሰችም፣ እርግጠኛ ነኝ ገና ናት፣ ቅጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አይደለም፣ እንጨት እንደመስበር ነው። ከጆንያው ውስጥ ውሃ ተስፈነጠረና የኪሮስን ሱሪ አራሰው። ቀስቷ ወደቀች። ውሃው እንደ ቧንቧ መሬት ላይ ይወርዳል። በቃ። ይኼው ነው የሆነው።

ጆንያውን እኔ ራሴ በጌታሁን ቁልፎች በኩል ፈታሁት። ብረት አይባልም፤ እንደ ቅርፊት በእጄ ላይ ረገፈ። ጠዋት ጠዋት የማፈሰው ውሃ ነው የበላው። እንደ ልጅ እያጠብኩ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መሀሉ ላይ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ አለች።

"ነፋስ ቢሆንስ ኖሮ?" አለ አንዱ።

ኪሮስ ሱሪውን እየጨመቀ "ውሃ ቀዳዳ ሲያገኝ ይፈሳል" አለ። "ነፋስ ግን ታምቆ የኖረ ነው፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ታንኩን ይዞት ነው የሚሄድ። ይኼ ቤት ባልኖረ ነበር።"

ያን ጊዜ አባትሽ ከሰው መሀል ወጣ። ምሳውን በልቶ የሚያርፍበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ወደ ታንኩ አስጠጋ። ስንጥቋ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል ገባች። ልክ መሀሉን። "አልሃምዱሊላህ" አለ። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። "አውፍ በለኝ ሁሴን፣ አውፍ በለኝ" እላለሁ፣ እሱ "ይነሱ እትዬ፣ ይነሱ፣ ሰው እያየ ነው" ይለኛል። አለቀስኩ፣ በሕይወቴ ለጌታሁን እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከዚያ እንግዲህ ሌላ ታንክ እስኪገኝ ወራት ቆየን፣ አባትሽ በእግር ፓምፕ ብቻ እየሠራ። ኪሮስ ደሴ ድረስ ሄዶ መርጦ አመጣልን፣ እሱንም ደጅ ላይ በውሃ ሳይፈትነው ቤት አላስገባውም። ጆንያ የለም፣ በቆርቆሮ ጥላ ሠራንለት። ቫልቯን ጠዋት ጠዋት ቀለበቷን ስቤ ጢስ ስትል እሰማታለሁ፣ እና ያ ድምፅ ደስ ይለኛል፣ እንደ ዶሮ ጩኸት ነው የለመድኩት። ታንኩን ተደግፎ የሚቆም ሾፌር ካየሁ ደግሞ መዶሻ አንስቼ ነው የማባርረው። "ይቺ ሴትዮ ከኪሮስ ባሰች" አሉኝ። ይበሉ። ቆይቶ የሮቢቱም የዋጃውም ጎሚስታ ፓምፑን መዋስ ጀመረ። ማሽላ ከመጫኑ በፊት በየዓመቱ ትዞራለች፣ ኪሮስ ካረፈ በኋላም አልቆመችም፣ አሁንም ትዞራለች። እሱን ሳስብ ደስ ይለኛል። አሮጌውን ታንክ ለሁለት አስቆረጥነው፣ ያ ደጃፌ ላይ ፍየሎች ውሃ የሚጠጡበት ገንዳ እሱ ነው። በየቀኑ ታልፊዋለሽ እኮ፣ ዘሃራ። ታንኩ ከተሰነጠቀ ሦስት ወር ሳይሞላው አንቺ ተወለድሽ፣ እና አባትሽ አንቺን አቅፎ መጀመሪያ የመጣው ወደ ዘመዶቹ አይደለም፣ እኔ ዘንድ ነው፣ "እትዬ፣ አየኋት" አለኝ።

ዘሃራ ስትጽፍ የቆየችበትን ደብተር ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እማማ ዘነቡ" አለች፣ "አባቴ እኮ እስከ ዛሬ ግድግዳ አይደገፍም። ቤት ውስጥ ሁላችን ተደግፈን ስንቀመጥ እሱ መሀል ወለሉ ላይ ነው የሚቀመጥ። ጀርባውን ያመዋል ብለን ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት ወሰድነው።"

ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ሐኪም ቤት ወሰዳችሁት? ምስኪን ሁሴን፣ አፍሮ አልነገራችሁም። በይ ዛሬ ስትገቢ ዘነቡ ብላሃለች በይው፤ ይደገፍ፣ ግድግዳ ነፋስ የለውም።"