ፍራሽና ጣቃ

በህንዷ ከተማ በአምሪትሳር የጨርቅ ገበያ ሰርዳር ኒራንጃን ሲንግን የማያውቅ የለም፤ ቆመው ያያቸው ግን ጥቂት ነው። ጠዋት በሱቃቸው ነጭ ፍራሽ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ከተቀመጡ በቃ፤ ሻዩም ምሳውም እዚያው ይመጣላቸዋል፤ ሠራተኞቹ ጣቃውን ከመደርደሪያ አውርደው ይዘረጋሉ። የእሳቸው ሥራ በጣት ማመልከት ነው።

አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ወረድ ሲሉ እግራቸው ደንዝዞ ኖሮ፣ በዚያ የምታልፈውን ፓርሚንደርን ተደገፏት። ተደገፏት ማለት ለጨዋነት ነው፤ ወደቁባት። ፓርሚንደር የጎረቤታቸው የሻል ነጋዴው ልጅ ስትሆን፣ በሴቶች ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች።

«ታያ! ምን ሆኑብኝ?» አለች ብብታቸውን ይዛ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ባይሆኑም ሰፈሩ ሁሉ ታያ ነው የሚላቸው።

«ምንም። እግሬ ደንዝዞ ነው።»

«አይፈረድበትም! ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠውበት።»

«ስሚ ልጄ፤ አባቴ እዚህ ፍራሽ ላይ ነው የሸመገለው። ‹ሻጭ ለገዢ ከተነሳ ዋጋው ይወድቃል› ይል ነበር።»

«ነፍሳቸውን ይማር፣ እሳቸው ግን ሳይነጋ ቤተ መቅደስ በእግራቸው ደርሰው ነበር የሚቀመጡት። እርስዎ በምን ይሄዳሉ?»

«ሪክሾ ላይ ተቀምጬ» አሉ ሰርዳር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀጥለውም ወሬውን ለማስቀየር የልባቸውን ጭንቀት አወጡ። ከወር በኋላ የልጅ ልጃቸው ሰርግ ነው። በሰርጉ ደጃፍ የሁለቱ ወገን አያቶች የአበባ ጉንጉን ተለዋውጠው ይተቃቀፋሉ፤ ተቃቅፈውም አንዱ ሌላውን ከመሬት ለማንሳት ይታገላል። የተነሳው አያት ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል። የሙሽራው አያት ባግ ሲንግ ደግሞ የታወቁ ገበሬ ናቸው።

«የጎሽ ጥጃ ተሸክሞ ወንዝ የተሻገረ ሰው ነው አሉ» አሉ ሰርዳር በስጋት።

«ታዲያ ምን አሰቡ?»

«አንድ ወር ሙሉ ቅቤና ለውዝ መብላት።»

«እሱማ እንዳይነሱ ነው እንጂ እንዲያነሱ አይረዳዎትም።»

«ግማሽ ድልም ድል ነው!»

«ታያ፣ ነገሩ የጉልበት ብቻ አይደለም። መቀመጥ ሐሳብንም ያፈዛል። ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፉ አያለሁ።»

«እኔ? እያሰብኩ ነው!» ብለው ተቆጥተው ወደ ፍራሻቸው ተመለሱ።

እልኸኛ ሰው ከመካሪው ይልቅ የገዛ ጥፋቱን ይሰማል። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ እንደተበላ፣ አንዲት የሙሽራ እናት ቀይ ሐር ልትገዛ ገባች። የዋጋውን ግማሽ ጠራች። በዚያች ቅጽበት ሰርዳርን እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸውና ራሳቸው ወደ ደረታቸው ወረደ። «እሺ አሉ!» አለች ሴትዮዋ። ከግማሹም ቀነሰች። ራሳቸው እንደገና ወረደ። ሲነቁ ሐሩ ሄዷል፤ የነጋዴ ራስ መነቅነቅ ደግሞ በገበያው ሕግ መሐላ ነው።

ሰርዳር ተነሱ። ወደ ሻል ነጋዴው ሱቅ በእግራቸው ሄዱ። ሻል ነጋዴው ሲያያቸው ክው አለ።

«ታያ በእግርዎ? ማን ሞተ?»

«እንቅልፌ ይሙት! ልጅህን ጥራልኝ።» ፓርሚንደር ስትመጣ፣ «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አሏት።

«ቀላል ነው። ገዢ ሲገባ ይነሱ። ጣቃውን ራስዎ ያውርዱ፤ ከቀላሉ ይጀምሩ፣ ሲያነሱም ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው ይሁን። ሻይ ሲያምርዎ ሻይ ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ስልክ ሲያወሩ ይንጎራደዱ።»

«ሠራተኞቼስ ምን ይሥሩ?»

«ያጨብጭቡ።»

«ክብሬስ?»

«ክብር ያለው ጥምጣምዎ ላይ ነው ታያ። መቀመጫዎ ላይ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ሰርዳር ሊቆጡ አሰቡና ሳቃቸው ቀደማቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት የጉልበታቸው ድምፅ ከመቀሱ በላይ ይሰማ ነበር። ሠራተኞቹ ሊባረሩ መስሏቸው ተጨነቁ። ውሎ አድሮ ግን ሰርዳር ከስስ ጥጥ ወደ ሐር፣ ከሐር ወደ ከባዱ ከፋይ ተሻገሩ። ያቺ የሙሽራ እናትም እህቷን ይዛ፣ ምሳ ሰዓት ጠብቃ ተመለሰች።

«ዛሬስ ራስዎን አይነቀንቁልንም?»

«ዛሬ ነቅቻለሁ እህቴ» አሉ፣ ከፋዩን በትከሻቸው እንደያዙ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ከበሮው ተመታ፤ አያቶቹ ተቃቀፉ። ባግ ሲንግ ጎተቱ፤ ሰርዳር ንቅንቅ አላሉም። ቀጥሎ ሰርዳር ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉና፣ ከባዱን የከፋይ ጣቃ እያሰቡ፣ ብድግ! የባግ ሲንግ ጫማ ከመሬት ለቀቀ። የሱቁ ሠራተኞች፣ እንደተመከረው፣ አጨበጨቡ።

«ወንድሜ፣ ምን እየበሉ ነው?» ሲሉ ባግ ሲንግ በጆሯቸው አንሾካሾኩ።

«ያበረታኝ መብላት አይደለም፣ መነሳት ነው።»

«እኔማ ትራክተር ከገዛን ወዲህ ከወንበሩ ወርጄ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይውረዱ» ብለው አወረዷቸው።

ግብሩ ላይ ሰርዳር ሳህናቸውን ይዘው ቆመው ያስተምሩ ጀመር፦ «በሥራ መካከል የሚነሳ ሰው እግሩ አይደነዝዝም፣ ወገቡ አይታሰርም፣ ከሰዓት በኋላ ሐሳቡ ጥርት ይላል፣ ማታ እንቅልፉ የሰላም ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ሥራ ሳይፈታ ነው!» ፓርሚንደር የገዛ ምክሯን ከሩቅ እየሰማች ፈገግ አለች።

ባግ ሲንግ ጥቂት አሰቡና ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ተነሱ። ይህን ያየ አስተናጋጅ ደንግጦ እየሮጠ መጣ።

«ይቅርታ አባቶቼ፣ ወንበር አነሰ እንዴ?»