ኦቦ ነገራ የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ያን ጊዜ አምቦ ከተማ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ዓይኔን እያቃጠለኝ የተማሪ ደብተር ማረም ስላቃተኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ አውጥቼ ተራዬን ልጠብቅ ከደጅ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ስቀመጥ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰው ከጎኔ አገኘሁ። ጋቢ ደርበዋል፤ በጨርቅ የተቋጠረ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ያለበት ጣሳ በጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ። «አንተስ ደኅና አደርክ፣ ልጄ?» ሲሉም በአማርኛ ጠየቁኝ። ኦሮምኛዬ እንደማያዘልቀኝ ከአነጋገሬ ያወቁ መሰለኝ።

ስማቸው ነገራ ነው፤ የደንዲ ገበሬ ናቸው። ከጊንጪ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረው ሁለት ሰዓት ላይ ደርሰዋል። አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጠያቂ ሁሉ ምግቡን ይዞ ገብቶ ሲወጣ እሳቸው ከወንበሩ አልተነሡም።

«የሚጠይቁት ሰው አለ?»

«አለ። በድሉ ይባላል። ጉበቱን ታሞ ተኝቷል።»

«ታዲያ መግባት ተፈቅዷል እኮ።»

«እሱን አውቃለሁ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

በዚህ መካከል ነጭ የለበሰች ወጣት ነርስ ወጣች። ሲስተር ድንቅቱ ትባላለች። ሽማግሌውን ስታያቸው ቆመች።

«አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነዎት። አሞዎት ነው?»

እሳቸውም ደግ ፊት ሲያዩ አልቻሉም፤ ሁሉንም አወጡት። ከአቶ በድሉ ጋር ማሳቸው ድንበርተኛ ነው። በወጣትነታቸው ለሁለቱም አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው ተቀናጅተው ያርሱ ነበር። ኦቦ ነገራን፣ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ፣ ያበሏቸውና ያለበሷቸው የበድሉ እናት ናቸው። በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ኦቦ ነገራ ወንጌል ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የበድሉ እናት ሞቱ። የተዝካሩ ዕለት ኦቦ ነገራ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ የሙታን ድግስ አልበላም» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም።

«አሁንስ ምን ይፈራሉ?» አለች ሲስተር ድንቅቱ፣ ከአጠገባቸው እየተቀመጠች።

«ከራስጌው ጠበል ይኖራል። ቄስ መስቀል ይዘው ይመጣሉ። ብሳለም እምነቴን ካድኩ። አልሳለምም ብል የታመመ ሰው ደግሜ ማቁሰሌ ነው። እኔ ጌታን በሙሉ ልቤ ነው የተቀበልኩት፤ ግማሽ ልብ አላውቅም።»

«እኔም በዚሁ እምነት ያደግሁ ነኝ፤ አባቴ ወንጌላዊ ነበር» አለች። «የእኔ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት አልጋ አለ። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ቃልቻ ቤት የሚሄደውም ይተኛበታል። የሁሉንም ጸሎት ሰምቻለሁ። የእኔ ከዚያ የተነሣ ቀንሶ አያውቅም። እንዲያውም ሰው ጭንቀቱን ለፈጣሪው ሲናገር መስማት የራሴን ጸሎት ያበረታዋል።»

«አንቺ ወጣት ነሽ። ለወጣት ሁሉ ነገር ቀላል ነው።»

«ቀላልስ አይደለም። ግን ልጠይቅዎት፤ የጸሎት ቤታችሁ ታሸገ ሲባል ሰምቻለሁ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ብዙ የጸሎት ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግተው ነበርና እኔም ዙሪያዬን ቃኘሁ።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሑድ እሑድ እግሬ ሳላውቀው ይወስደኛል። ከአጥሩ ውጪ ቆሜ እመለሳለሁ። ግቢውን አረም ዋጠው። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ልዘምር እሞክራለሁ፤ የሚቀበለኝ ስለሌለ ግን ዜማው መሐል ላይ ይጠፋኛል። ናፍቆት ለሙት ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

«ለምን ዘጉባችሁ?»

«እንጃ። የምናምነውን ማን ጠየቀን? ከሩቅ አይተው ፈረዱብን።»

ሲስተር ድንቅቱ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እርስዎስ፣ አባባ፣ ተዝካሩ ለአቶ በድሉ ምን እንደሆነ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

ኦቦ ነገራ ጣሳውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት።

እኔም ያን ጊዜ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የጀልዱ ቄስ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አባቴን በጎረቤት ፊት «የአንተ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው» ብዬ ሰድቤያቸው ወጣሁ። ምን እንደሚያምኑ፣ ለምን እንደሚያምኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። መጽሐፍ ያነበበ ሰው አእምሮው ክፍት ነው ይባላል፤ የእኔ ግን መጽሐፉን አስገብቶ አባቴን ያስወጣ አእምሮ ነበር። ልታረቃቸው ሳስብ፣ ለክረምት፣ ለፋሲካ እያልኩ ሳዘገይ ሞቱ። ይህን ሁሉ ለኦቦ ነገራ ነገርኳቸውና፣ «እኔ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እርስዎ ግን አለዎት፤ ከዚህ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጣሳቸውን ይዘው ተነሡ። ተራዬን ትቼ ተከተልኳቸው።

አቶ በድሉ ጥጉ ላይ ካለው አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ሆዳቸው አብጧል። ሚስታቸው ወይዘሮ አመለሸጋ እኛን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ነገራ ነህ?» አሉ አቶ በድሉ።

«ነኝ።»

«ጎበጥክ እኮ።»

«አንተም ከሳህ።»

ኦቦ ነገራ ጣሳውን ከራስጌው አስቀምጠው፣ «በድሉ፣ ያኔ ከደጅህ የተመለስኩ ቀን… ተዝካሩ ለአንተ ምን እንደነበረ አልጠየቅኩህም። ዛሬ ልጠይቅህ» አሉ።

አቶ በድሉ ጣሪያውን እያዩ መለሱ። «እናቴ በሕይወት ሳለች ደጇን የረገጠ ሰው ሳይበላ አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ደግሜ በስሟ ላብላ ነው ያልኩት። የተራበው በልቶ ሲመርቃት ጓዳ ውስጥ ያለች መሰለኝ። ላንተም ከቤተሰቡ መሐል ቦታ ይዤልህ ነበር፤ ልጇ ነህና። ሰው እንዳይቀመጥበት ስከለክል ዋልኩ።»

ኦቦ ነገራ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ይቅር በለኝ። እኔ ስለ ጌታዬ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም ስለ እናቴ ነበር የተቀየምኩት። በል እንግዲህ ጸልይልኝ፤ እንዳስተማሩህ አድርገህ።»

ኦቦ ነገራ በኦሮምኛ ጸለዩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን በወዳጃቸው ደረት ላይ አድርገው፣ ሙሉ ድምፃቸውን አውጥተው ጸለዩ። ሲጨርሱ አቶ በድሉ አማተቡና «አሜን» አሉ። ኦቦ ነገራን መስቀል ሳም፣ አቶ በድሉንም ማተብህን በጥስ ያላቸው ሰው አልነበረም። ሁለቱም ባመኑበት ጸንተው ቆዩ፤ የጎደለባቸው ያ ሁሉ የቂም ዓመት ብቻ ነው።

አቶ በድሉ እስከ ሰኔ ኖሩ። ኦቦ ነገራ በየሳምንቱ ማክሰኞ አንዴ ጭኮ፣ አንዴ እርጎ ይዘው ይመጡ ነበር። አቶ በድሉ ሲያርፉም ኦቦ ነገራ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት መካከል ሆነው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዘለቁ። ያን ያየ የመንደሩ እድር፣ የወንጌል አማኞችን ቀብር አንቆምም የሚለውን ደንቡን ሻረ። የሁለቱ ልጆች ዛሬ በደቦ አብረው ያጭዳሉ፤ አንዱ ሲታመም የሌላው እህል ማሳ ላይ አይቀርም። አንባቢ ሆይ፣ እምነቱ የጸና ሰው የሌላውን ደጅ ለመርገጥ አይፈራም። ጎረቤቱን ምን ታምናለህ፣ ለምን ታምናለህ ብሎ መጠየቅ ምንም አያከስርም፤ ሳይጠይቁ መፍረድ ግን እኔን አባቴን አሳጥቶኛል።

አቶ በድሉ ካረፉ በኋላ በመጣው ኅዳር ጊንጪ ገበያ ላይ ኦቦ ነገራን አገኘኋቸው። ጸሎት ቤታቸው እንደታሸገ ነበር።

«እምነትህ ላላ ወይ ይሉኛል» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እንዲያውም ጠበቀ፤ ፍርሃቱ ነው የለቀቀኝ።» ከዚያ ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ፤ ከገበያው ማዶ ወዳለው የታጨደ ማሳ ተመለከቱ።

«ምን ይቆጨኛል መሰለህ፣ ልጄ? በድሉን መጠየቅ ከጀመርኩ በኋላ ጥያቄዬ እየበዛ ነው የሄደው። አሁንም ስንቱን ነገር ልጠይቀው ብዬ ሳላስበው ወደ ቤቱ መንገድ እጀምራለሁ፤ መሞቱ ትዝ የሚለኝ ከደጁ ስደርስ ነው።»