አቻ ያጣው ወረቀት

«እሰይ፣ መስኮት ዳር ደረሰን! እንዴት ዋልሽ ንጋትዬ? ማሩስ ተሸጠልሽ? የዘንድሮው እንኳ ነጭ ነው፣ እግዜር ይመስገን... ይቺ ሚኒባስ እንደሆነ ሳትሞላ ወደ ብልባላ አትነሣም፣ እስከዚያው እንጫወት።»

እትዬ ሸጌ ይህን ስትል ዓይኗ ያረፈው ጎረቤቷ ላይ ሳይሆን ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ማጅራት ላይ ነበር። ሰውዬው ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ማንንም እንዳላየ ሆኖ ተቀምጧል። እትዬ ሸጌን አላየሁም ማለት ደግሞ እንዲህ ቀላል አይደለም።

«ስሚማ... ሕንድ አገር ሕግ ተምሮ የመጣውን ልጅ ታውቂው የለ? ስሙ ጠፋኝ... ምን ያለ ትሑት መሰለሽ! በመጣ በሳምንቱ የተመረቀበትን ጥቁር ካባ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሊጎበኙ የመጡ ፈረንጆች ቄስ መስሏቸው ፎቶ ሲያነሡት፣ ከጨዋነቱ ብዛት... አላስተባበለም። አንዲት ተሳላሚ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ብትልበትማ፣ ምን ያድርግ? በእስክሪፕቶው ባረካት አሉ።

ዕውቀቱስ! የጎረቤታችን የአረጋ በሬ የሰው ማሳ ገብቶ ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት፣ ተነሥቶ የሕንድን ሕግ አንድ ሰዓት ሙሉ ተነተነው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። በሬው ብቻ... የላስታ በሬ ሆኖ ነው መሰለኝ፣ አልገባውም።

ታዲያ ጠበቃ ሆነ? ኧረ ይሆናል! የቀረው ትንሽ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን አዲስ አበባ ወስዶ አቻ ግምት ማሠራት አለበት። እዚያ ያሉት ሹሞች የውጭውን ትምህርት ካገር ቤቱ ጋር ያስተያዩና እኩል ነው ካሉ ማኅተም ይመቱበታል። ከዚያ ያገሩን ሕግ ማጥናት፣ ከዚያ ደግሞ ለጥብቅና ፈቃዱ መፈተን። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ ወረቀቱ አቻ አላገኘም። እንዲህ ያለ የትም የማይገኝ ወረቀት... አቻ ከየት ይመጣለታል?

አቻ ስል ትዝ አለኝ... የወንድሜን ልጅ ሰርካለምን አጭቶ አልነበር የሄደው? አምስት ዓመት ጠበቀችው። ሲመለስ በሽማግሌ ምን ብሎ ላከ? ‹አሁን አቻዬ አይደለችም።› እውነቱን'ኮ ነው! እሷ ከወልዲያ ወዴት ሄደችና? እዚያው ሕግ ተማረች፣ ተፈተነች፣ ፈቃዷን አወጣች፣ ይኸው አሁን ብልባላ ሆና ፍርድ ቤት ትቆማለች። እሷ ጠበቃ ናት፣ እሱ ደግሞ... ይጠብቃል። ምናቸው ይገናኛል?

ያን ሰሞንማ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ሲያብጥ አንጀቴ አርሮ ነበር፣ አልዋሽሽም። አሁን ግን ስታነሣው ትስቃለች። ትናንት ደውሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹የፈተና ማስታወሻሽን አውሺኝ፣ ነገ ብልባላ እመጣለሁ።› አየሽ ትሕትናውን? አቻው ካልሆነች ልጅ ለመማር... ባዶ ቦርሳ ይዞ መንገድ ይገባል! እሷም ደግ ናት፣ ማስታወሻውን አዘጋጅታለታለች። ‹ስለ ሌላ ነገር ካነሣ ግን መዝገቡ ተዘግቷል በይልኝ አክስቴ› ብላኛለች። እኔ እንግዲህ... የት አግኝቼው ነው የምነግረው?»

ከፊት የተቀመጠው ሰው ቦርሳውን ከጭኑ አንሥቶ እግሩ ሥር ሸጎጠው። የመጨረሻው ተሳፋሪ ገባ፣ ሹፌሩም ሞተሩን አስነሣ። እትዬ ሸጌ ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ተነሣን! መንገደኛ ነንና እንመርቅ እንጂ። ያንን ልጅ እግዚአብሔር በያለበት ይጠብቀው። ወረቀቱም አቻውን ያግኝ፣ እሱም አቻውን ያግኝ! በጠባይም በልብም ቁርጥ እሱን የመሰለች፣ ከእሱ በምንም የማታንስ ይስጠው! እስከ ሽበት አያለያያቸው! አሜን በሉ... ከፊት የተቀመጡት ወንድሜ፣ ምነው እርስዎ ዝም አሉ? አሜን ይበሉ እንጂ፣ ምርቃት'ኮ ነው።»