የጃለኔ ቀኝ እጅ

በ1952 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመቱ ወደ ሁሩሙ በእግሬ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና አንድ ቀፎ ሠሪ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልሁ። መምህር ነኝ፤ መንገድ ላይ ማለም ግን የቆየ አመሌ ነው። ጉሙ ዛፉንም ዛፉ ላይ የተሰቀሉትንም ቀፎዎች ስለ ዋጣቸው ዓለም እዚያች በረንዳ ላይ ያለቀች መሰለኝ።

አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ውሃ በቅል አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ በግራዬ ስለ ሰጠሁዎ አይቀየሙኝ» ብላ አቀረቀረች። ቀኝ እጇ እንደ ተጨበጠ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። ጃለኔ ትባላለች።

ዐይኔን ከደን እንዳደረግሁ ክርክር ቀሰቀሰኝ። አያቷ ኦቦ ኩምሳ ሀረግ እየጎነጎኑ ተቀምጠዋል፤ ከመቱ የመጣች ዲሪቤ የምትባል ነርስ ፊታቸው ቆማለች።

«ኦቦ፣ ባለፈው ሳምንት ያሰርሁላትን የጣውላ የእጅ ድጋፍ የት አደረሱት?»

«ጣራው ሥር ሰክቼዋለሁ» አሉ ሳያፍሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አትቆጪኝ። በሕፃንነቷ ያ ትኩሳት ሲይዛት ከሞት የተረፈችው እድሏን ጨብጣ ነው። በጣውላ ፈልቅቀሽ ብትከፍቺው እድሏ ይፈሳል። እናትና አባት የላት፤ እኔ ነገ ስሞት ምን ይቀርላታል?»

የተማርሁ ነኝ ባይ ነኝና ልስቅ ቃጣኝ። የሽማግሌውን ዐይን ሳይ ግን አፈርሁ፤ ፍርሃታቸው የፍቅር ነበር።

«ድጋፉ አይፈለቅቅም» አለች ዲሪቤ ረጋ ብላ። «ትኩሳቱ አንጎሏን ስለ ጎዳው ጡንቻዋ ላላ ማለት አቃተው እንጂ አጥንቷስ ደኅና ነው። እንዲሁ ከተዉት ጡንቻው እያጠረ ይሄድና ጨርሶ አይዘረጋም።»

«ታዲያ ቀድሞ የወሰድኋት ወጌሻ እጇን ሲስባት ለምን ባሰባት?»

«በኃይል ስለ ሳባት ነዋ! እንዲህ ያለው ጡንቻ በድንገት ሲጎትቱት ይብሱን ይጠብቃል። እርስዎስ ይህን ሀረግ ከጫካ እንዳመጡት ያጥፉታል?»

«ሂን ተኡ! አይሆንም፣ ይሰነጠቃል!» በሙያቸው ስለ መጣችባቸው ድምፃቸው ጎላ። «ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ቀስ እያልሁ አለምደዋለሁ፤ ወደ ነበረበት እንዳይመለስም አስረዋለሁ።»

ዲሪቤ በዐይኗ የጃለኔን እጅ አመለከተቻቸው። ሽማግሌው የያዙትን ሀረግ ትኩር ብለው አዩት።

«አካኮ» አለች ጃለኔ አያቷን፣ «እጄን ያመኛል። ደግሞ ይሸታል። እድል እንዲህ ይሸታል እንዴ?»

ኦቦ ኩምሳ ተነሥተው ድጋፉን ከጣራው ሥር አወረዱ።

ዲሪቤ የጃለኔን እጅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ ሳትቸኩል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መዳፏን አዩ። ጥፍሮቿ የቆፈሯቸው አራት ቁስሎች ብቻ ነበሩበት።

«ስጠብቅ የኖርሁት ይህን ነው?» ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ቁስሉ ታጥቦ ተሸፈነ፤ ድጋፉም በጥጥ ተደልድሎ ታሰረ። ሽማግሌው ግን ቀፎ ሠሪ ናቸውና ዝም አላሉም። «ይህ ጣውላ እኮ ደረቅ ነው! ክንድ ግን ጎበጥ ያለ ነው። እኔ ከዛፍ ቅርፊት በልኳ እሠራላታለሁ።»

«ይሥሩላት፤ ግን አያጥብቁት» አለች ዲሪቤ እየሳቀች። «በየጊዜው እየፈቱ ቆዳዋን ይዩ። ከቀላ ወይም ጣቷ ካበጠ ያውልቁት። እንደ ሌላው እጇ አያደርገውም፤ ከዚህ እንዳይብስ ግን ይጠብቃታል።»

በዓመቱ በዚያው በረንዳ በኩል አለፍሁ። ቁስሉ ድኗል፤ ጃለኔ መዳፏን ታጥባ ታደርቃለች፣ የቀሚሷን እጅጌ ራሷ ታጠልቃለች፣ ሕመም ሳይቀሰቅሳት ታድራለች። ኦቦ ኩምሳም እንዲህ ያለ ልጅ ላላቸው የአካባቢው የኖፓና የኡካ ሰዎች፣ ዲሪቤ የልጆቹን ልክ እየነገረቻቸው፣ ድጋፍ ይሠሩ ጀመር። ወገኖቼ፣ የተጨበጠ እጅ ያለበት ቤት ካላችሁ አትደብቁት፣ በጉልበትም አትሳቡት፤ ለሚያውቅ አሳዩት።

ጃለኔ የማር እንጀራ ቆርሳ መጣች። ቀኝ መዳፏን በዝግታ፣ ለመዘርጋት የሚበቃትን ያህል ዘረጋችና ማሩን ከላዩ አኖረች።

«ጋሼ፣ ይቅመሱ» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ይቅርታ አልጠየቀችም።